ምትክ መላክ አይቻልም

ያንን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም፤ ተቀምጬ፣ አስቤ፣ በገዛ እጄ ጻፍኩት። «በሙስና ወንጀል ምርመራና በሰብዓዊ መብት አያያዝ ላይ ለአምስት ቀን በሚሰጠው ስልጠና ስማቸው ከዚህ በታች የተዘረዘረው ዳኞች፣ ዐቃብያነ ሕግና መርማሪዎች በአካል እንዲገኙ» ይላል። እስከዚህ ድረስ ደህና ነው። ከሥሩ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩበት፤ ጨምሬም አልተውኩት፣ በደማቁ አሰመርኩበት፦ «ምትክ መላክ አይቻልም።»

ምክንያት ነበረኝ። ባለፈው ዓመት ዳኛ ላኩልን ስንል የዳኛውን ሾፌር ላኩልን። መርማሪ ስንል የመዝገብ ቤት ሠራተኛ መጣ፤ ሰውዬው አምስቱን ቀን ሙሉ ብስኩቱን እየበላ፣ ኋላ ወንበር ላይ እያንቀላፋ ሰነበተና የምስክር ወረቀቱን ይዞ ሄደ። ዘንድሮ እንዳይደገም ቆረጥኩ። ደግሞ የራሴ ፍልስፍና አለኝ፤ በአንድ መዝገብ ላይ የሚሠሩ ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግና መርማሪ አንድ ጠረጴዛ ከበው መማር አለባቸው እላለሁ። አሥራ ስምንት ዓመት ፈርጄ ስምንት ዓመት ያሰለጠንኩ ሰው ነኝና ይህንንስ አላጣውም ብዬ እኩራራ ነበር። ኩራቴ ገደል ይግባ።

ከሰባት ፍርድ ቤቶች ሦስት ሦስት ሰው በስም ጠራሁ። ሰኞ ጠዋት ሃያ አንዱም ተሟልተው ሳያቸው እንደ ሰርግ ባለቤት ነበር ያደረገኝ። በሩ ላይ ባዶ የወረቀት ካርቶን አስቀመጥኩና «ስልካችሁን እዚህ ጣል ጣል አድርጉ፤ ስንወጣ ትወስዱታላችሁ» አልኩ። አጉረመረሙ። «እናንተስ እስረኛ ስትቀበሉ እንዲሁ አይደል የምታደርጉት?» ስላቸው ሳቁና አስቀመጡ።

ያን ጊዜ ወንድሜ ከታሰረ አሥራ ስምንት ቀን ሆኖታል።

ይህን ከአዳራሹ ውስጥ ማንም አያውቅም። የእናቴ ልጅ ነው፤ አባቶቻችን ስለሚለያዩ በስም ማንም አያገናኘንም። የሆስፒታል መድኃኒት መጋዘን ኃላፊ ነው። ከወራት በፊት «ገብቷል» ተብሎ የተፈረመበት መድኃኒት መደርደሪያው ላይ እንደሌለ አየ። ለአለቃው ነገረ፤ አለቃው ዝም በል አለው። ዝም አላለም፤ ጥቆማውን በጽሑፍ አድርጎ አስገባ። በሦስተኛው ሳምንት መጥተው ያዙት፤ መድኃኒቱን ውሃ ያስበላኸው አንተ ነህ ተባለ።

የታሰረ ዕለት ሚስቱ እያለቀሰች ስትመጣ ምን አልኳት? «የኔ ሥራ እዚህ ጉዳይ ውስጥ እንድገባ አይፈቅድልኝም። ሕጉ ራሱ ያወጣዋል።» መርማሪው ማን እንደሆነ፣ ዳኛው ማን እንደሆነ እንዳትነግረኝ ሁሉ ከለከልኳት። እጄ ንጹሕ እንዲሆን ነበር። እሷም የተማረ ሰው የተናገረው ነው ብላ ዝም አለች።

ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ጥበቃው መጥቶ ሴት ትፈልግሻለች አለኝ። ወጣሁ። የወንድሜ ሚስት በሩ አጠገብ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፤ ነጠላ ጫማዋ አቧራ ለብሷል፣ በፌስታል ልብስና አንድ ትንሽ ካርቶን ይዛለች።

«እትዬ፣ ዛሬም አልሆነም» አለችኝ።

«ምን ማለት ነው አልሆነም? ዛሬ ጊዜ ቀጠሮው አይደል? የዋስትናውን ሊወስኑ አልነበረም?»

«ችሎቱ ዝግ ነው። ወረቀት ለጥፈውበታል።» ስልኳን አውጥታ ፎቶውን አሳየችኝ። አጎላሁና አነበብኩት፤ ከላይ የፍርድ ቤቱ ስም አለ፤ ዳኛው፣ ዐቃቤ ሕጓና መርማሪው ለስልጠና ስለሄዱ የዚህ ሳምንት ቀጠሮዎች በሙሉ ወደሚቀጥለው ሳምንት ተሻግረዋል ይላል።

ሰማይ ተደፋብኝ። «ሌላ ዳኛ የለም?» አልኩ፤ መልሱን ሳልሰማው አውቄዋለሁ።

«ጸሐፊዋን ጠየቅኳት። ሌላዋ ዳኛ ወሊድ ላይ ናት አለችኝ። ዳኛውን አስቀርተን ሌላ ሰው ልንልክ ነበር፣ ምትክ አይቻልም ብለው ጻፉልን አለችኝ።» ቀና ብላ አየችኝ። «እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ምን ዓይነት ሰው ነው፣ እትዬ?»

ስልኳን መለስኩላት።

«የቀጠሮውስ ይሁን፣ አንድ ሳምንት ነው» አለች። «ደረቱ ነው እንጂ። ከትናንት ጀምሮ ተነስቶበታል። ክፍሉ ውስጥ አርባ ሰው ነው ያለው፣ መስኮት የለውም። በአፉ የሚስባትን መድኃኒት ይዤ ሄድኩ፣ አላስገቡልኝም። መርማሪው ካልፈቀደ አይገባም፤ ክሊኒክም ካልፈቀደ አይሄድም ይሉኛል። ምክትሉ ደግ ሰው ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ ደወለለት፣ ደወለለት፤ አያነሳም።»

ለምን እንደማያነሳ አውቃለሁ። ያን ቀን ጠዋት ካርቶኑ ውስጥ አንድ ስልክ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲያርፍ፣ ደግሞ ሲንቀጠቀጥ ነበር። ሰሌዳው ላይ የታሰረ ሰው ሕክምና የማግኘት መብት እንዳለው እየጻፍኩ ስለነበር ነገሩ አናደደኝ። ክዳኑን ገጠምኩበትና ኮቴን ደረብኩበት።

«እዚሁ ጠብቂኝ» አልኳትና ተመለስኩ።

የዚያ ፍርድ ቤት ዳኛ በረንዳው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ሽማግሌ ናቸው። ሰኞ ዕለት ከሁሉም የተሻለ ጥያቄ የጠየቁት እሳቸው ናቸው፤ ማስታወሻቸውንም በሦስት ቀለም ነው የሚጽፉት። ዓይኔን በጨው አጥቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ክቡር ዳኛ፣ አንድ ጊዜ ላስቸግርዎት።»

«ኧረ ምን ገዶኝ! ስለ ጠዋቱ ትምህርት ከሆነ እኔም የምጠይቅዎት አለኝ።»

«ስለ ትምህርቱ አይደለም። እርስዎ ጋ ስላለ መዝገብ ነው። ስለ መጋዘን ኃላፊው።»

ፊታቸው ላይ የነበረው ፈገግታ ቀስ ብሎ ጠፋ። እኔ ግን አላቆምኩም። «ዛሬ ቀጠሮው ነበር። አስም አለበት፤ ትንፋሽ አጥሮታል። ለአንድ ሰዓት ብቻ ሄደው ቢሰየሙ፣ በመኪናዬ አደርስዎታለሁ፣ የከሰዓቱ ሳይጀመር እንመለሳለን።»

«ይህንን ለምን እርስዎ ይነግሩኛል?»

መዋሸት እችል ነበር። አንድ ድርጅት ጠቆመኝ፣ ሰው ነገረኝ ማለት እችል ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ ግልጽነት ግልጽነት ስል የኖርኩ ሴት፣ እውነቱ ከአፌ አመለጠ። «ወንድሜ ነው። የእናቴ ልጅ።»

ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ምነው ባልነገሩኝ» አሉ።

«ለምን?»

«መዝገቡን ዓርብ ዕለት አንብቤ ጨርሻለሁ። ምን ልወስን እንደነበር አልነግርዎትም። አሁን ግን የምወስነው ነገር የለም። ትናንት ከሰዓት ሰሌዳው ላይ የጻፉትን ያስታውሱታል?»

አስታውሳለሁ። በቀይ ነው የጻፍኩት። የተከራካሪ ቤተ ዘመድ ከችሎት ውጭ ስለ ጉዳዩ ያነጋገረው ዳኛ ከመዝገቡ ይነሳል። ሃያ አንዱም ገልብጠውታል፤ ገልብጠው መጨረሳቸውን ዞሬ አይቻለሁ።

«እንዳልሰሙኝ ይቁጠሩት» አልኩ።

«ሰምቻለሁ እኮ።»

«ክቡር ዳኛ፣ በእናትዎ፤ እግርዎ ላይ ልውደቅ?»

«አይለምኑኝ። ሲለምኑኝ ይብስብኛል።» ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። «እኔ አርባ ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁት። አንድ ቀን ዘንበል ብል ያ ሁሉ ምን ይሆናል?»

ሌባ ቢሆኑ እሰድባቸው ነበር፤ ጮክ ብዬ አዋርዳቸው ነበር። እውነተኛ ሰው ናቸው፣ ይኸው ነው ወሽመጤን የቆረጠው። እዚያው ፊቴ፣ ለስልጠናው ባደልናቸው ማስታወሻ ደብተር ላይ፣ ከመዝገቡ የሚነሱበትን ማመልከቻ ለፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ጻፉ። ሌላ ዳኛ ከሌላ ፍርድ ቤት እስኪመደብ ስንት ጊዜ ይፈጃል ብዬ ጠየቅኳቸው። ቢፈጥን ሁለት ሳምንት፣ አሉኝ። አንድ ሳምንት የነበረችውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ሳምንት አደረግኳት። ወንድሜ ሁለት ሳምንት የሚሆን ትንፋሽ አልነበረውም።

መርማሪው ቀረኝ። እሱን ሰልጣኞቹ «አንደኛ» ይሉታል፤ ጥያቄ ሳልጨርስ እጁን የሚያወጣው እሱ ስለሆነ። በጣም ትሁት ነው፤ ወንበር ይስብልኛል፣ ሰሌዳ ያጠፋልኛል። አዳራሹ ውስጥ ብቻውን ሆኖ ወረቀቶቹን ሲያስተካክል አገኘሁት። ካርቶኑን ከፍቼ ስልኩን ሰጠሁት፤ ሃያ ሦስት ያልተመለሰ ጥሪ አለው። ነገርኩት። ለዳኛው እንደነገርኩት ሁሉ ነገርኩት፤ ከእንግዲህ ምን አጣለሁ?

«አይ መምህርት!» አለ ግንባሩን መትቶ። «ቀድመው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት! ይሄ ልጅ የእርስዎ ወንድም ነው?»

«መድኃኒቷን ያስገቡለት። ክሊኒክ ይውሰዱት። ሌላ አልጠይቅዎትም።»

«እሱማ ቀላል ነው። እንዲያውም ከፈለጉ ዛሬውኑ በመታወቂያ ዋስ እለቀዋለሁ፤ ሥልጣኑ አለኝ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አለቀቁትም?»

«መዝገቡ ክፍት ነዋ። ክፍት መዝገብ ይዤ ብለቅ ነገ እኔ ነኝ የምጠየቀው። ቢዘጋ ግን...» እኔ ያደልኩትን ማህደር ከፈተ። በማስተማሪያ ወረቀቶቼ መካከል፣ ስለ አስገድዶ ቃል መቀበል የሚያወራው ምዕራፍና ስለ ጠቋሚዎች ጥበቃ የሚያወራው ምዕራፍ መሐል፣ በኮምፒውተር የተጻፈች አንድ ገጽ ነበረች። «አንብቧት። አጭር ናት።»

አነበብኳት። መድኃኒቱ በሙሉ ገብቷል፤ ቆጠራው ላይ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ በአለቃዬ ላይ የሰጠሁት ጥቆማ ሐሰት ስለሆነ አንስቻለሁ፤ ይህንንም የሰጠሁት በሙሉ ፈቃዴ ነው። ከታች ለፊርማ ቦታ ተትቶላታል።

«ቸልተኝነት ነው ተብሎ በማስጠንቀቂያ ይታለፋል፤ ሁሉም ቤቱ ይገባል» አለ። «አሥራ ዘጠኝ ቀን ለመንኩት። ድንጋይ ነው። የእርስዎን ቃል ግን ይሰማል።»

«ይሄ እኮ...» አልኩ።

«ምን? ይበሉት እንጂ። ስሙን እርስዎ ራስዎ ነዎት ያስተማሩን።» ድምፁ ላይ ማሾፍ አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። «ልብ ይበሉልኝ መምህርት፣ አንድ ጥፊ አልመታሁትም። እኔ የሰው ገላ አልነካም። ከላይ የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉ፣ ልጆች አሉኝ፤ በቃ።»

ስልኩ እጁ ላይ ጮኸ። ምክትሉ ነው። መርማሪው ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ጌታዬ፣ ይሄ የመጋዘኑ ልጅ ከንፈሩ ጠቁሯል፤ እንውሰደው ወይስ ምን እናድርግ?» ይላል። ከበስተኋላው ሳል ይሰማል። ሳል አይደለም እንኳ፣ የሚያፏጭ ነገር ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ በአንድ ፍራሽ ስንተኛ ያንን ድምፅ እየሰማሁ ነው ያደግኩት።

«ምን ልበለው?» አለኝ መርማሪው።

ወረቀቷን አጠፍኩና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት። «መጣን ይበሉት» አልኩ።

ለሰልጣኞቹ የከሰዓቱን የቡድን ሥራ ሰጥቼ፣ የወንድሜን ሚስት ከኋላ፣ መርማሪውን ከጎኔ አድርጌ ነዳሁ። መንገድ ላይ የምለውን አዘጋጅቻለሁ። እውነቱን እነግረዋለሁ፤ ፈርም፣ ነፍስህ ትበልጣለች፣ ስትተርፍ አብረን እንከራከራለን እለዋለሁ። እሱ አይሆንም ሲል ደግሞ እለምነዋለሁ። ሚስቱም ትለምነዋለች። እንዲህ እያልኩ ነው ጣቢያው የደረስኩት።

አንድ ጠረጴዛና ሁለት አግዳሚ ወንበር ወዳለበት ክፍል አስገቡን፤ ሚስቱን ውጭ አስቀሯት። ሁለት ፖሊሶች ብብቱን ይዘው አመጡት። ሲያስቀምጡት ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ተክሎ ወደ ፊት አጎነበሰ፤ ትከሻው ወደ ላይ፣ ወደ ታች ይላል። ከቀበቶው ጋር መነጽሩን ወስደውበታል። ዓይኑን አጨንቁሮ አየኝና ሳቀ።

«አንቺ... እዚህ ጉዳይ ውስጥ... አልገባም... ብለሽ አልነበር?» አለ። በየቃሉ መሐል አየር ይጠብቃል።

«አትናገር» አልኩት። ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። መርማሪው ዞር ብሎ በመስኮት ውጭ ውጩን ያያል፤ ጨዋ ሰው ነው፣ የቤተሰብ ወሬ አይሰማም።

«ምንድን ነው... እሱ?»

«የምትወጣበት ነው።»

«አላይም። አንብቢልኝ።»

ይህን ልጅ አውቀዋለሁ። ትንንሾች ሳለን እናታችን ያልሰበርነውን ማሰሮ ማን ሰበረው ብላ ሁለታችንንም ውጭ አቆመችን። እኔ ወዲያው ሰበርኩ ብዬ ገባሁና ራቴን በላሁ። እሱ እናታችን ራሷ አልቅሳ እስክታስገባው ድረስ ዝናብ ላይ ቆሞ ቀረ። ያን ዕለት ነው ደረቱን የያዘው፤ ማለቴ እናታችን እንዲያ ትል ነበር። አሁን እውነቱን ባነብለት ወረቀቷን በአንድ ጣቱ ወደ እኔ ይመልሳታል፤ ከዚያ ወደዚያ ክፍል ይመልሱታል። ከንፈሩን አየሁት። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፋ።

ችሎት ላይ በማነብበት ድምፄ አነበብኩለት። «ስሜ ከላይ የተገለጸው እኔ ታሳሪ በመታወቂያ ዋስ ስለቀቅ፣ በተጠራሁ ጊዜ ሁሉ ለመቅረብ ግዴታ ገብቻለሁ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለውም።»

«ስለ መድኃኒቱ... ምንም... አይልም?»

«አይልም።»

«ስለ ጥቆማው?»

«ምንም። ፈርም አሁን።»

መርማሪው መስኮቱ ጋ አልተነቃነቀም። ወንድሜ ፊቴ ወዳለበት አቅጣጫ አፈጠጠ፤ ያለ መነጽሩ ጭጋግ እንጂ ሌላ እንደማያይ አውቃለሁ፣ ቢሆንም ዓይኔን ሰበርኩ።

«አንቺ ካነበብሽው... እሺ» አለ። ጣቱን ይዤ ቦታው ላይ አስቀመጥኩለት። ፈረመ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር እንዴት ፈጠነ! አሥራ ዘጠኝ ቀን ያልተከፈተው በር በአሥር ደቂቃ ተከፈተ። መነጽሩ መጣ፣ ቀበቶው መጣ፤ መርማሪው ወረቀቷን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተታት። ሚስቱ እዚያው ደጃፉ ላይ መድኃኒቷን አፉ ውስጥ አደረገችለት። አንዴ ሳበ፣ ሁለቴ ሳበ። ከንፈሩ ቀስ በቀስ መልኩን ሲይዝ ዓይኔ አየ። ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ ከሁሉ በፊት የተሰማኝ ደስታ ነው። ሌላው ኋላ ነው የመጣው፤ እንደመጣም አልሄደም።

ወደ ክሊኒክ ነዳሁ። እሱና ሚስቱ ከኋላ ናቸው። መርማሪው ወደ ስልጠናው ስለሚመለስ ጎኔ ተቀምጧል።

ወንድሜ ትንፋሹን ሲያገኝ ወሬ ጀመረ፤ ድሮም ዝም ማለት አይችልም። «አየሽ?» ይላታል ሚስቱን እጇን ይዞ። «አልፈረምኩላቸውም። በየቀኑ አንዲት ወረቀት ያመጡልኛል፣ በየቀኑ እመልሳታለሁ። ደረቴ ሲነሳብኝ እንኳ አልፈረምኩም። አርባ ሰው ምስክሬ ነው።» ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ መኪና ውስጥ ዝቅ ቢያደርጉት የማይሰማ ይመስል። «ይሄ ሰውዬ እንኳ ዛሬ ሰው ሆነ። የእትዬ ስልጠና ነው መሰለኝ።»

መሪውን ጨብጬ ፊት ለፊቴን አያለሁ።

«እትዬ» አለኝ ወደ ፊት ተጠግቶ፣ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ። «ትንሽ ሲሻለኝ እዚያ ስልጠናሽ ላይ ልምጣና ልንገራቸው? አንድ አምስት ደቂቃ ብቻ። ሳይፈርሙ መውጣት እንደሚቻል ከሰውየው አፍ ይስሙት። እስር ቤት ያሉት ልጆችም ይህን ቢሰሙ እኮ ልብ ይሆናቸዋል።»

መርማሪው በደግነት ወደ እሱ ዞረ። «ይምጣ እንጂ መምህርት» አለ። «እኛም እንማርበታለን።»

መብራቱ ቀይ ስለነበር ቆምኩ። ወንድሜ መልሴን ይጠብቃል፤ ረጅም፣ ሙሉ ትንፋሹ አንገቴ ላይ ይሰማኛል።

«መጀመሪያ ይሻልህ» አልኩት።